በብርዱ ወራት ቅጠል ማብቀል፦ ስፒናቹ አልሞተም፣ ግን አያድግም

የጓሮዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝን ነገር ይዤ መጣሁ። ኦክቶበር መግቢያ ላይ ስፒናች፣ ኬል የሚባለውን የጎመን ዓይነትና ሰላጣ ዘራሁ። ውርጩ ሳይገባ በሽቦ ቅስት ላይ ላስቲክ ዘረጋሁላቸው። በደንብ በቀሉ፤ ሦስት አራት ቅጠልም አወጡ። ከዚያ በኋላ ግን ቀጥ አሉ። አሁን ዲሴምበር ነው። አልጠወለጉም፣ ቢጫ አልሆኑም፣ ቀለማቸው ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ግን ሳምንት ሄዶ ሳምንት ሲመጣ ያው ናቸው።

ብርዱ ነው ያቆማቸው? ትንሽ ማሞቂያ ባስገባላቸው ይነቃቃሉ? ወይስ ማዳበሪያ ነው የጎደላቸው? ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት ሳያቸው ቅጠሎቹ ጠቁረው፣ ለስልሰው፣ መሬት ላይ ተለጥፈው ነው የማገኛቸው። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ደግሞ ቀና ብለው ቆመዋል። ይሄ ምንድነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

መደብ_ሰሪ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ቀለማቸው ጥርት ያለ ከሆነ ጤነኛ ናቸውና አታስቢ። እድገታቸውን የያዘው ከብርዱ ይልቅ የብርሃን ማነስ ነው።

የቀኑ ርዝመት ከ10 ሰዓት በታች ሲወርድ አብዛኛው ቅጠላ ቅጠል ማደጉን ሊያቆም ምንም አይቀረውም። ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ያለው ብርሃን ራሱ ደካማ ነው። ቅጠሉ ከዚያ የሚያገኘው ጉልበት ሕይወቱን ለማቆየት ይበቃዋል። አዲስ ቅጠል ለማውጣት ግን አይተርፈውም።

ይህን ነገር ለብዙ አትክልተኛ ያስተዋወቀው ኤልየት ኮልማን የሚባል አሜሪካዊ ገበሬ ነው። እርሻው ያለው ሜይን ግዛት ውስጥ ነው፣ ብርዱ ከባድ በሆነበት ሰሜናዊ ምሥራቅ ጫፍ። እዚያ ማሞቂያ በሌላቸው ግሪን ሀውሶች ውስጥ በብርዱ ወራት ቅጠል እያመረተ ለገበያ ሲያቀርብ ቆይቷል። ቀኑ ከ10 ሰዓት የሚያጥርበትን ጊዜ "የፐርሰፎኒ ወቅት" ይለዋል። በዚህ ስም ብትፈልጊ ብዙ ታገኛለሽ።

ጊዜው እንደየቦታው ይለያያል። በ40 ዲግሪ ሰሜን ላቲትዩድ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ ሲለካ) ከኖቬምበር 17 ገደማ እስከ ጃንዋሪ 24 ገደማ ነው። በ45 ዲግሪ ከኖቬምበር 5 አካባቢ እስከ ፌብሩዋሪ 5 አካባቢ ይሆናል። በ50 ዲግሪ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ይዘልቃል። 60 ዲግሪ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ መታገሥ አለበት።

ስለዚህ በብርዱ ወራት መደብሽን እንደ ጎተራ እይው። ቅጠሉ የሚያድገው በመኸር ነው። ውርጩ ሲገባ አድጎ የጠበቀ አትክልት መሬቱ ላይ እንዳለ ትኩስ ሆኖ ይቆያል። አንቺ ደግሞ እየወጣሽ ትለቅሚያለሽ። ሰው "በዊንተር ማብቀል" ሲል ብዙውን ጊዜ ይህን ማለቱ ነው።

ማሞቂያውን ተይው። ብርሃን ሳይኖር ሙቀት ብቻ ሲሆን ግንዱን ያቀጥነዋል፣ ቅጠሉንም ያሳሳዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ብርድ የለመደው አትክልት ልምዱን መርሳቱ ነው። አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ያ የሞቀው ቅጠል በሙሉ ያልቃል።

ችግኝ

@መደብ_ሰሪ በጣም ግልጽ ነው፣ አመሰግናለሁ። የራሴን አካባቢ የቀን ርዝመት እንዴት አውቃለሁ? ደቡብ ንፍቀ ክበብ ያለ ሰውስ?

መደብ_ሰሪ

@ችግኝ የስልክህ የአየር ሁኔታ ገጽ ላይ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትገባበት ሰዓት አለ። ሁለቱን ቀናንሰው። ደቡብ ያለ ሰው ወራቱን ይገለብጣል፤ የእሱ አጭር ቀን ጁን ላይ ነው። ከ32 ዲግሪ ላቲትዩድ ወደ ምድር ወገብ የቀረበ ቦታ ላይ ግን ቀኑ ጨርሶ ከ10 ሰዓት አያንስም። እዚያ ያለ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም።

ነጋ_ጠባ

መደብ_ሰሪ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሁሉን ነገር በ10 ሰዓት ላይ መጫን አይገባም። ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ስፒናችና ኬል ሙቀቱ ከ4 ወይም 5 ዲግሪ በታች ሲሆን ብርሃን ቢኖርም እጅግ በዝግታ ነው የሚንቀሳቀሱት። ኖቬምበር መግቢያ ላይ አፈሩ የበጋውን ሙቀት ገና ስላልጨረሰ፣ ቀኑ 10 ሰዓት ሲሞላም ሲጎድልም ትንሽ እድገት ይታያል። ፌብሩዋሪ ላይ ቀኑ በርዝመት ያው ነው። አፈሩ ግን በርዶ ስለሚቆይ ከብርዱ ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። ሁለቱ ቀኖች በካሌንደር ሲታዩ እኩል ናቸው፣ ለሥሩ ግን እኩል አይደሉም።

የላስቲኩ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቀን ቀን የአፈሩን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። የተሸፈነ መደብ ፌብሩዋሪ ላይ ካልተሸፈነው ቀድሞ ይነሳል። ስለዚህ የጓሮዋ፣ ላስቲክሽ በከንቱ አልተዘረጋም።

የጓሮዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ብርሃኑ ገባኝ። የጠዋቱ መጠውለግስ? እሱ ነው ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ።

ቅጠሊት

እኔ ልመልስልሽ። ይህን ነገር በጣም ስለምወደው ትንሽ ላስረዝም ነው።

ውርጭ ባለበት ጠዋት ተንበርክከሽ አንድ የስፒናች ቅጠል ቀረብ ብለሽ እዪ። ጠርዙ ላይ አመዳይ በነጭ መርፌ መርፌ ቆሞ ታያለሽ። መሃሉ ጠቆር ብሎ የሚያስተላልፍ መስታወት ዓይነት መልክ አለው። ግንዱ ተዘርሯል። እንዳትነኪው። በዚያ ሰዓት ቅጠሉ ውስጥ በረዶ አለ። ግን በረዶው የተሠራው ከሴሎቹ ውጭ፣ በመሃላቸው ባለው ክፍተት ነው። ውሃው ከሴሉ ቀስ እያለ ወጥቶ እዚያ ይረጋል። ውሃው ስለወጣ ሴሉ ይሸበሸባል፣ ቅጠሉም ይተኛል። ሴሉ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ ስኳሩና ጨው ነክ ነገሩ የበዛበት ስለሆነ በቀላሉ አይረጋም። ፀሐይ ሲነካው በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው ወደ ሴሉ ይመለሳል፣ ቅጠሉ ቀና ይላል።

ቅጠሉን በረዶ እንዳለበት ብትጨብጪው ግን መርፌዎቹ የሴሉን ግድግዳ ይበጥሱታል። ያ የነካሽው ቦታ ሲቀልጥ ውሃ ያዘለ ጥቁር ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለቀማው እኩለ ቀን አካባቢ ይሁን፣ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ በኋላ። ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በላይ ካልወጣ በዚያ ቀን አትልቀሚ።

አትክልቱ ይህን ችሎታ ይዞት አይወለድም። ይለምደዋል። ከዜሮ እስከ 5 ዲግሪ ባለው ብርድ ውስጥ አንድም ሁለትም ሳምንት ሲቆይ ስኳር ማከማቸት ይጀምራል። የሴሉን ሽፋን ቅባትም ይለውጣል፣ በብርድ እንዳይጠጥር። ውርጭ የነካው ስፒናችና ኬል የሚጣፍጠው በዚሁ ስኳር ነው። በዚያው ልክ ግን ሳይለምድ ድንገት ከዜሮ በታች 8 ቢመጣበት ያው ስፒናች ሊሞት ይችላል። መኸሩ ሞቃት ሆኖ ቆይቶ በአንድ ሌሊት ከወረደ ያኔ ነው መሯሯጥ። በዚያ ሳምንት ድርብ ሽፋን አድርጉ።

ችግኝ

ቅጠሊት፣ ይህን ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎ የነገረኝ የለም። በጣም አመሰግናለሁ። ስለዚህ መኸር ላይ ላስቲኩን ቶሎ መዘርጋት ጥሩ አይደለም ማለት ነው?

ቅጠሊት

ልክ ነህ ችግኝ። ቀላል ውርጭ ደጋግሞ ይንካቸው። ለሰላጣ ካልሆነ በቀር ከዜሮ በታች ሁለትና ሦስት ዲግሪ አያስፈራም። እኔ ሽፋኑን የምዘረጋው ሌሊቱ ከዜሮ በታች 5 መድረስ ሲጀምር ነው።

በረንዳዬ

ሰላም። እኔ መሬት የለኝም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በረንዳ ነው ያለኝ። እናንተ የምታወሩት ሁሉ መሬት ላለው ሰው ነው። ማሰሮ ውስጥ ይሞከራል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

መደብ_ሰሪ

ይሞከራል ወንድሜ። ልዩነቱን ግን እወቅ። መሬት ላይ ያለ ሥር ከታች ሙቀት ይደርሰዋል፣ በጎንም አፈር ከቦታል። ማሰሮ ውስጥ ያለው ሥር ግን በአምስት በኩል ብርድ ይገባበታል። ሥር ደግሞ ከቅጠል ይልቅ ብርድ ይጎዳዋል። ከዜሮ በታች 12ን በቅጠሉ የሚችል ኬል በትንሽ ማሰሮ ውስጥ ቀድሞ ሊሞት ይችላል።

መጀመሪያ ትልቅ ዕቃ ፈልግ፣ ቢያንስ 20 ሊትር አፈር የሚይዝ። ብዙ ማሰሮ ካለህ አጠጋግተህ በግድግዳው በኩል ሰብስባቸው። ግድግዳው ከቤት ውስጥ የሚሾልክ ሙቀት ይሰጣቸዋል። ዙሪያቸውን በካርቶን ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልል። ከሥራቸው እንጨት ወይም ፎም አድርግ፣ ሲሚንቶው ላይ በቀጥታ አይቀመጡ። በረንዳህ ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ወደ ሰሜን ከሆነ ግን ፀሐይዋ ጨርሶ ላትደርስህ ትችላለችና ማሽ ብቻ ሞክር።

አራተኛ ፎቅ ላይ ከውርጩ ይበልጥ ጠላትህ ነፋስ ነው። አፈሩ በርዶ ሥሩ ውሃ መሳብ ሲያቅተው ነፋሱና ፀሐይዋ ከቅጠሉ ውሃ ይወስዳሉ። ሰው "በብርድ ሞተ" የሚለው አትክልት ብዙ ጊዜ በጥም ነው የሞተው። ስለዚህ ከባድ ብርድ ከመምጣቱ አንድ ቀን በፊት፣ አፈሩ ሳይጠነክር በደንብ አጠጣ። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይበልጥ ሙቀት ይይዛል። ነፋሱን ደግሞ በስስ ጨርቅ ጋርደው።

በረንዳዬ

ይሄ ነው የምፈልገው መልስ። ማሽ ያልከው ምንድነው?

ነጋ_ጠባ

@በረንዳዬ ማሽ ማለት መሬት ላይ ተዘርግታ በክብ የምትበቅል ትንሽ የሰላጣ ዓይነት ናት። ቅጠሏ ለስላሳ፣ ጣዕሟ ቀለል ያለ። መልኳን አይተህ አትናቃት። ብርድ በመቻል ከሁሉ ትበልጣለች።

ስለ ዓይነቶቹ ጠቅለል አድርጌ ልበል። ቁጥሮቹ ብርድ ለለመደ፣ ሽፋን ለሌለው አትክልት ነው፤ እንደ ዘሩ፣ እንደ ነፋሱና ብርዱ እንደሚቆይበት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሰላጣ ከዜሮ በታች 3 እስከ 5 ላይ ይደክማል፤ ትንሽ ሰላጣ ከትልቅ ሰላጣ ይሻላል። ቆስጣም ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ 5 ገደማ ላይ ቅጠሉ ይሄዳል፣ ሥሩ ግን ተርፎ በጸደይ ያቆጠቁጣል። አሩጉላ የሚባለው ቃጠል የሚያደርግ የሰላጣ ቅጠል ትንሽ ይሻላል። ስፒናች ከዜሮ በታች 9 እስከ 12 ድረስ ይችላል። ጠርዙ የተጠቀለለው ኬል ከ10 እስከ 15 ይሄዳል። ማሽ 15ንም ትችላለች።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ፣ ከባድ ብርድ ባለበት ቦታ ላለ ጀማሪ ስፒናችና ማሽ ይበቁታል። ሰላጣ ላይ ድካሙ ብዙ፣ የሚገኘው ጥቂት ነው።

ቅጠሊት

በሰላጣው አልስማማም። መኸር ላይ የተዘራ ትንሽ ቅጠል ያለው ሰላጣ በድርብ ሽፋን ሥር ጃንዋሪንም ያልፋል። ቀይ ቅጠል ያላቸውን ዓይነቶች ሞክሩ። ግን ማሽ የተባለው ላይ እስማማለሁ።

የጓሮዋ

ድርብ ሽፋን ስትሉ ሁለት ላስቲክ ማለታችሁ ነው?

ቅጠሊት

አይደለም። ከላይ ላስቲክ፣ ከውስጥ ስስ የአትክልት ጨርቅ። ጨርቁ እንደ ክብደቱ ይለያያል። በካሬ ሜትር 19 ግራም ገደማ የሚመዝነው ብርሃኑን 85 በመቶ ያህል ያስገባል፣ ሌሊት ሁለት ዲግሪ ገደማ ያተርፍልሻል። 50 ግራም የሚሆነው ይበልጥ ያሞቃል፣ ግን ብርሃኑን ግማሽ ያህል ይወስድብሻል። በጨለማው ወራት ብርሃን ውድ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን ለከባዱ ሌሊት ብቻ አድርጊው፣ ጠዋት አንሺው። ስሱ እዚያው ይክረም።

ጨርቁ ቅጠሉን እንዳይነካ ዝቅ ያለ ቅስት ሥሪለት። ከነካው ሌሊት አብሮ በረዶ ሆኖ ይጣበቃል፣ ስታነሺው ቅጠሉን ይዞ ይመጣል። ኮልማን በልምዱ የሚለው አንድ ሽፋን መደብሽን 800 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ እንደወሰድሽው ይቆጠራል ነው። ሁለተኛው ሽፋን ያን ያህል ይጨምራል። ይህን ያለው በተለይ ስለ ግሪን ሀውስና በውስጡ ስላለው ጨርቅ ነው። ዝቅ ያለ የጓሮ ላስቲክ አየሩ ጥቂት ስለሆነ ከዚያ ቶሎ ይበርዳል።

ችግኝ

እኔ ጋ ችግሩ ሻጋታ ነው። ታችኞቹ ቅጠሎች ግራጫ ጸጉር ያለው ነገር ያወጣሉ፣ ከዚያ ይለሰልሳሉ። ሽፋኑን ጠበቅ አድርጌ ነው የምዘጋው።

ነጋ_ጠባ

መልሱ ጥያቄህ ውስጥ አለ ወንድሜ። ከፍተው። ውጭው ዜሮ ሆኖ ፀሐይ ከወጣ የተዘጋ ላስቲክ ውስጥ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ያ ሁሉ እርጥበት ሌሊት ቅጠሉ ላይ ጠብ ይላል። ግራጫው ሻጋታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ፀሐይ ባለበት ቀን ሁለቱንም ጫፍ ረፋዱ ላይ ክፈት፣ ፀሐይዋ ሳትገባ ዝጋ። ውጭው ከ5 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደመናም ቢሆን ክፈት። የታመመውን ቅጠል በሙሉ ልቀምና ከመደቡ አውጣ። ከዲሴምበር እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ውሃ ማጠጣት አያስፈልግህም ማለት ይቻላል። ጣትህን ወደ አፈሩ ሰድደህ ሁለት ኢንች ድረስ ደረቅ ከሆነ ብቻ።

ችግኞቹንም አራርቃቸው። ተጠጋግተው የቆሙበት መሃል ነው ሁልጊዜ የሚጀምረው።

በረንዳዬ

ኤልኢዲ መብራት ብጨምርስ? በረንዳው ጨለማ ነው።

መደብ_ሰሪ

ቤት ውስጥ ለትናንሽ ችግኝ ይሠራል። ውጭ በብርዱ ውስጥ ግን መብራቱ ብቻውን ነጋ_ጠባ ያለውን የሙቀት ጉዳይ አይፈታውም። ገንዘብህን ለትልቅ ማሰሮና ለጨርቅ አውለው።

ጋሽ_አትክልት

ልጆቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ። ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ አንድ ያልተነሳ ነገር ስላለ ነው። የጓሮዋ መጀመሪያ ማዳበሪያ ጠይቃ ነበር፣ ማንም አልመለሰላትም።

ልጄ፣ አሁን ናይትሮጅን አትጨምሪ። አንደኛ፣ የማያድግ አትክልት አይበላውም፤ ዝናብና የበረዶ ቅላጭ ይዞት ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛው ይከብዳል። ስፒናች፣ ሰላጣና አሩጉላ ናይትሮጅኑን ናይትሬት በሚባል መልክ ከአፈር ስበው ቅጠላቸው ውስጥ ያከማቻሉ። ብርሃን ሲኖር ወደ ፕሮቲን ይለውጡታል። ብርሃን ሲያንስ ሳይለወጥ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው ደንብ በግሪን ሀውስ ለሚበቅል ሰላጣ ከኦክቶበር እስከ ማርች ለሚለቀመው በኪሎ 5,000 ሚሊግራም ናይትሬት ሲፈቅድ፣ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ለሚለቀመው 4,000 ያደረገው። ለትኩስ ስፒናች ደግሞ 3,500 ነው። በጨለማው ወራት መጠኑ ከፍ እንደሚል ሕጉ ራሱ ያውቀዋል።

ይህን ያልኩት ላስፈራራችሁ አይደለም። ቅጠል መብላት ጤና ነው። ግን የመደቡን ቀለብ መኸር ላይ በበሰለ ኮምፖስት ስጡት፣ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ይበቃዋል። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ እጃችሁን ሰብስቡ። ሲለቀምም ፀሐይ ባለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ይሁን። ቅጠሉ ቀኑን ብርሃን ስላገኘ ናይትሬቱ ይቀንሳል። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ልቀሙ ካለችው ከቅጠሊት ምክር ጋርም ይገጥማል።

የጓሮዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በጣም ጠቃሚ ነው። ማዳበሪያውን ነገ ልጨምር ነበር።

አሁን ላሉት ሦስት ቅጠል ላላቸው ምን ላድርግ? ነቅዬ ልጣላቸው? ለሚቀጥለው ዓመትስ መቼ ልዝራ?

ጋሽ_አትክልት

እንዳትነቅይ ልጄ! እነሱ ሀብት ናቸው። እኔ ሆን ብዬ በየዓመቱ ስፒናች እንዲህ ትንሽ ሆኖ ወደ ብርዱ እንዲገባ ዘግይቼ እዘራለሁ። ትንሽ ስፒናች ከትልቁ ይበልጥ ብርድ ይችላል። ሥሩ ሥራውን ጨርሶ ነው የሚጠብቀው። ፌብሩዋሪ ላይ ቀኑ 10 ሰዓት ሲያልፍ፣ በማርች ከሚዘራው ሳምንታት ቀድሞ ይነሳል። በዚያ ሰሞን የሚወጣውን ቅጠል ወፍራምነትና ጣዕም በሌላ ጊዜ አታገኚውም።

የምትጠነቀቂለት አንድ ነገር አለ። አፈሩ ሌሊት እየረጋ ቀን እየቀለጠ ሲደጋግም ትንንሾቹን ችግኞች ከነሥራቸው ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ሥሩ ተጋልጦ ካየሽ አፈሩ በቀለጠበት ሰዓት በጣትሽ ቀስ አድርገሽ መልሰሽ ተጫኚው። ከዚያ በመሃላቸው ገለባ ወይም የደረቀ ቅጠል ጎዝጉዢ፤ የአፈሩን ሙቀት ከመዋዠቅ ያቆመዋል።

በረዶ በብዛት ከጣለ ደግሞ ሽፋን በሌለው መደብ ላይ አትጥረጊው። ወፍራም በረዶ ከነፋሱና ከሌሊቱ ብርድ ይከልላል፣ ከሥሩ ያለው አፈር ዜሮ አካባቢ ይቆያል። ላስቲኩ ላይ የጣለውን ግን በመጥረጊያ አውርጂ። ብርሃን ይጋርዳል፣ ሲከብድም ቅስቱን ይሰብረዋል።

መደብ_ሰሪ

ጋሼ ካሉት ላይ የዘር ጊዜውን ልጨምር። ቀኑ 10 ሰዓት የሚሆንበትን ቀን ያዢና ወደ ኋላ ቁጠሪ። በዚያ ቀን አትክልቱ ሦስት አራተኛ ያህል አድጎ እንዲገኝ ነው የምንፈልገው። ለኬል ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቀድመሽ ዝሪ። ለስፒናች ከ6 እስከ 8 ሳምንት። ማሽም በዚያው ክልል ውስጥ ናት። በ45 ዲግሪ ላቲትዩድ ያለ ሰው እንግዲህ ኬሉን በኦገስት አጋማሽ፣ ስፒናቹን በሴፕቴምበር ይዘራል ማለት ነው። በመኸር ቀኑ እያጠረ ስለሚሄድ የአንድ ሳምንት መዘግየት በኋላ የሚያስከፍለው ከአንድ ሳምንት በላይ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ዘር በአንድ ቀን አትጨርሺ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ዝሪ።

አንድ እንቅፋት አለ። በዚያ ጊዜ አፈሩ ገና ትኩስ ነው። የስፒናች ዘር አፈሩ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ በደንብ አይበቅልም፣ ማሽም ሙቀት ትጠላለች። አመሻሽ ላይ ዝሪ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አርሺ፣ ዘሩ እስኪወጣ ድረስ ነጭ ጨርቅ ወይም ጣውላ ጣይበት። ጣውላውን ግን በየቀኑ አንስተሽ እዪ። አንዱ ዘር ብቅ ባለ ቀን መነሳት አለበት።

ብዛቱንም አስቢበት። በጨለማው ወራት የለቀምሽው ቅጠል አይተካም። በበጋ ከምትዘሪው ሁለት ሦስት እጥፍ ካልዘራሽ አየሩ ገና ሳይሞቅ ያልቅብሻል። ስትለቅሚም ውጭ ውጭውን ቅጠል ብቻ፣ መሃል ያሉትን አራት አምስት ትንንሽ ቅጠሎች ሳትነኪ።

ችግኝ

ነፍሳቱስ? በብርድ ይሞታሉ አይደል?

ነጋ_ጠባ

ሁሉም አይሞቱም። ክሽክሽ ላስቲኩ ሥር ተጠልሎ ይከርማል፤ የኬሉን ቅጠል ጀርባ ገልብጠህ እይ፣ ካገኘህ በጣትህ አጥፋው ወይም በውሃ እጠበው። ዛጎል የሌላቸው ቀንድ አውጣዎች ሞቅ ባለ እርጥብ ሌሊት ይወጣሉ። ጉዝጓዙ ሥር ደግሞ የሜዳ አይጥ ጎጆ ትሠራለች። ለዚህ ነው ጉዝጓዙን አፈሩ ሳይበርድ ቀድሜ የማላደርገው። ቦታዋን ሌላ ጋ ትያዝ።

በረንዳዬ

የመጨረሻ ጥያቄ። ኬሉ ሲሞቅ አበባ ያወጣል የሚባለው እውነት ነው?

ቅጠሊት

እውነት ነው። ኬል የሁለት ዓመት ተክል ነው። ብርዱን ካሳለፈ በኋላ ቀኑ ሲረዝም ግንድ ሰዶ ያብባል። እንቡጡ ሳይከፈት ቀንበጡን ቁረጠውና ብላው፣ ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ስትቆርጠው ከጎን ደጋግሞ ያወጣል። ስፒናች ግን ቀኑ ከ13 እና 14 ሰዓት ሲያልፍ ግንድ ይሰድና ቅጠሉ ይመርራል፤ ያኔ ነቅለህ ቦታውን ለሌላ አውለው።

የጓሮዋ

ላስቲኩንስ መቼ ላንሳው?

ቅጠሊት

ሌሊቱ ከዜሮ በታች 5 መውረድ ሲያቆም። ግን በፀሐያማና ነፋሻ ቀን አታንሺው፣ ቅጠሉ ያን ያህል ብርሃን ስላልለመደ ይቃጠላል። ደመና ያለበትን ጸጥ ያለ ቀን ምረጪ። ስሱን ጨርቅ አንድ ሁለት ሳምንት ተይላቸው። ላስቲኩንም አጥበሽ ከማስቀመጥሽ በፊት መደቡ አጠገብ ይቆይ፣ ማርች ላይ ውርጭ መመለሱ የታወቀ ነው።